ጡጦ የምትጠባው ሳጥን

ፋንታ አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው በእግሩ ነው። እጁ አይተርፈውማ። የማር ንግድ የጀመረ ሰሞን ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ በእግሩ ከፈተው፤ ማሩ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ዘመድ "እስቲ ልቅመሰው" እያለ ጨረሰው። ዶሮ ማርባት ያማረው ጊዜም ጫጩቶቹን በካርቶን ታቅፎ በእግሩ ከፈተው፤ ከዚያ ሁሉ ጫጩት ለወግ የበቁት ሁለት አውራዎች ነበሩ፣ አንዱን ለፋሲካ አረዱት፣ ሌላውን ሽለምጥማጥ ቀደማቸው። እናቱ እትዬ ይርጋነሽ የበሩ የታችኛው ጫፍ ቀለሙ ተልጦ ሲያዩት የልጃቸውን የሥራ ታሪክ የሚያነቡ ይመስላቸዋል።

ፀጉር ማስተካከሉ ግን ከሌላው ሁሉ ተለየ። እዚህ ላይ እውነቱን መመስከር ነው፤ የፋንታ እጅ ለፀጉር የተፈጠረ ነው። ቢቸና ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የቤታቸውን የፊት ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ፣ አንድ መስታወትና አንድ የሚሽከረከር ወንበር አቁሞ ሥራ ሲጀምር፣ እንደ ቁርበት ተንጨባሮ የገባው ሁሉ ሰው ሆኖ ይወጣ ጀመር። እጁ ከመቅለሉ የተነሳ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ደንበኞች ነበሩ። እትዬ ይርጋነሽም ከመጋረጃው ጀርባ ጥጣቸውን እየፈተሉ "ተመስገን፣ ልጄ የሚያድርበትን ሥራ አገኘ" አሉ።

ችግሩ መብራት ነበር። የቢቸና መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ፀጉር አስተካካይ፣ ውበቴ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ጄኔሬተሩ በጭሱ ሰፈሩን ያስለቅሳል፣ በጩኸቱ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይሰማማ ያደርጋል፤ ቢሆንም ፀጉር ይቆርጣል። የፋንታ ደንበኞች ፎጣው ከአንገታቸው ሳይወርድ፣ ግማሽ ጎፈሬያቸውን ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ ማየት ለሰፈሩ መዝናኛ፣ ለእትዬ ይርጋነሽ ግን ውጋት ነበር።

"ፎጣውን እንኳ አይመልሱልኝም" አለ ፋንታ አንድ ቀን፣ ባዶውን ወንበር በእግሩ እያሽከረከረ። "እማዬ፣ ባህር ዳር ያለው ጓደኛዬ ባዶ ወንበር አለ ብሎኛል። እዚያ ሄጄ ብሠራ ይሻላል።"

እትዬ ይርጋነሽ የሚያባዝቱትን ጥጥ ጭናቸው ላይ አኖሩ። ሴቶች ልጆቻቸው አንዷ ደጀን፣ አንዷ ደብረ ወርቅ አግብተው ሄደዋል። ባለቤታቸውን ቀብረዋል። ፋንታም ከሄደ ሲያስነጥሳቸው "ይማርሽ" የሚላቸው ሰው በቤቱ አይኖርም። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ጥጥ ሲያባዝት ለሚውል ሰው ግን፣ ብናኙ ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ውስጥ ነውና፣ ትንሽ አይደለም።

እናም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሩ እንደገና በእግር ተከፈተ።

"እማዬ፣ ከመንገድ ዞር በይልኝ።"

"ደግሞ ምን ተሸከምክ?"

"መብራት።"

"በሳጥን?"

"በሳጥን።"

ሳጥኗ ከትልቅ ሬዲዮ አትበልጥም። በጎንና በጎኗ እንደ ወንፊት የተበሳሳች፣ ከፊቷ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ያላት ናት። ያመጣት ከሞጣ፣ ከሀጂ ሳሊህ ሱቅ ነው። የስልክና የሶላር ዕቃውን የምትይዘው የሀጂ ልጅ ሲሃም "ሞክራት፤ ካልተስማማችህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልስልኝ" ብላ ነው የሰጠችው።

"ፊውል ሴል ነው የምትባለው" አለ ፋንታ እየፈታታት። "ባትሪ አይደለችም፣ ጄኔሬተርም አይደለችም። ይቺ ጡጦ የመሰለች ጣሳ ከኋላዋ ትሰካለች፤ ውስጧ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ አለ። እሱን እየጠባች ከአየር ጋር ታገናኘዋለች፣ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት። ጡጦው ሲያልቅ ሞጣ ወስጄ በተሞላ እቀይረዋለሁ።"

"የሚነድ ነገር የለም?"

"የለም።"

"ሳይነድ መብራት። እንደ ዕፀ ጳጦስ በለኛ።"

"ዕፀ ጳጦስስ ትነድ ነበር፤ አልቃጠል አለች እንጂ" አለ ፋንታ፤ የአባቱ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈውም።

ጥቂት እንደሠራች ከሥሯ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረች።

"ይኸው፣ ገና ሳትውል አፈሰሰች። ቀዳዳ ሸጡልህ።"

"ቀዳዳ አይደለም። ጋዙና አየሩ ሲገናኙ ውሃ ይሆናል፣ ሲሃም ነግራኛለች።"

"ሸናች በለኛ።"

"የጠጣ መሽናቱ አይቀርም።"

እትዬ ይርጋነሽ ውሃ ሲባክን ማየት አይወዱም። ከጓሮ ጤና አዳም የተተከለባትን የወተት ቆርቆሮ አመጡና ከሥሯ አኖሩ።

የመጀመሪያው ቀን መብራት የሄደ ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ እንደ ልማዱ ፎጣውን ይዞ ሊነሳ ብድግ አለ። የፋንታ ቶንዶስ ግን እጁ ላይ መንዘሯን አላቋረጠችም። ሰውዬው መልሶ ተቀመጠ። ማዶ የውበቴ ጄኔሬተር "ዱዱዱዱ" ሲል፣ እዚህ ንብ የምታክል ድምፅ ብቻ። በሳምንቱ የፋንታ ደጅ ወረፋ ተያዘበት፤ አንዱማ አፍሮ ያኔ ይዞት የሄደውን ፎጣ አጥቦ መለሰ። ሳጥኗም መስታወቱ አጠገብ ተጎልታ፣ የገባው ሁሉ ሲዳስሳት፣ ስልኩን ሲሰካባት፣ ሲደነቅባት ዋለች። ስለ ባህር ዳር ማንም አላነሳም።

አንድ ከሰዓት ውበቴ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሳጥኗን ከላይ እስከ ታች አያት።

"አይ ዕቃ" አለ። "ስታምር።"

ይህን ብሎ ሄደ። እግዜር ይባርክ አላለም። እንትፍ እንትፍ አላለም። እትዬ ይርጋነሽ እንዝርታቸውን እንደያዙ ቀሩ። አምና ላማቸውን እንዲሁ "ስታምር" ብሏት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ወተቷ ነጥፎ ነበር። ላሟ ያኔ ለመውለድ የቀረበች ነበረች፤ የቀረበች ላም ወተቷ መንጠፉም የታወቀ ነው፤ እትዬ ይርጋነሽ ግን ይህን ከነገሩ አላስገቡትም።

በእትዬ ይርጋነሽ ቤት መልካም ነገር ይከደናል። ወተት ሳይከደን ከጓዳ አይወጣም። አዲስ የተወለደ ጥጃ እንግዳ ሲመጣ ጆንያ ይለብሳል። የልጅ ልጃቸው ከደጀን ስትመጣ እስክትገባ ድረስ ፊቷን የሚያይ የለም። ታዲያ ልጃቸውን ቢቸና ያስቀረችላቸው ሳጥን ራቁቷን የአላፊ አግዳሚው ዓይን ይፍሰስባት?

በማግሥቱ "ሽቦዋ ደንበኛ ይጠልፋል" አሉና ከመጋረጃው ጀርባ፣ እሳቸው ከሚፈትሉበት ዘንድ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጧት። ፋንታም ተስማማ፤ ሲሃም ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ይሁን ብላው ነበርና መስኮቱ ደግ ነው አለ። እሱ ወደ ፊት ክፍል ሲመለስ እትዬ ይርጋነሽ ከትከሻቸው ነጠላቸውን አወረዱና ሳጥኗን ከአናቷ እስከ እግሯ ጠቅልለው አለበሷት። ፋንታ እንዲያይ አልፈለጉም። "እማዬ፣ ዓይን ሽቦ አይበጥስም" ብሎ እንደሚስቅባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ኮቴውን ሲሰሙ ነጠላውን ገፈው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና እንዝርታቸውን ያሾራሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳጥኗ ትታመም ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋንታ እየሠራ ሳለ ቶንዶሷ ድምፅዋ ይሰልላል፣ ይሰልላል፣ ከዚያ ዝም። ፋንታ እየሮጠ መጋረጃውን ገልጦ ይገባል። እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ቀድመው አንስተዋል። የሳጥኗ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆኗል። ፋንታ ጡጦውን ይፈትሻል፣ ሽቦውን ይነካካል፣ መጨረሻ ተናዶ ጎኗን በጥፊ ይላታል። እትዬ ይርጋነሽም በጎን "በስመ አብ ወወልድ" ብለው ያማትቡባታል። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ አረንጓዴ ይሆንና ትነሳለች። ፋንታ ያነሳት ጥፊው ነው ብሎ አመነ፤ እትዬ ይርጋነሽ ጸሎቱ ነው ብለው አመኑ። ፋንታ ወደ ደንበኛው ሲመለስ እሳቸው ነጠላውን ይመልሱላታል። እሷም ታማ ትወድቃለች።

"ኩራተኛ ናት" አለ አንድ ደንበኛ።

"ኩራተኛ አይደለችም፣ ጥፊ የለመደች ናት" አለ ፋንታ። እየሳቀ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ እናትና ልጅ ሳጥኗን ይዘው ሞጣ ወረዱ። እትዬ ይርጋነሽ ሚኒባሱ ውስጥ በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረች ሴት አጠገባቸው ተቀመጠችና በለሆሳስ "ስንት ወሩ ነው?" አለቻቸው።

"ገና ነው" አሉ እትዬ ይርጋነሽ።

"ዝም ሲል፣ ጨዋ ነው።"

"አሞት ነው" አሉ። አልዋሹም።

ሲሃም ሱቅ ውስጥ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው ያገኟት። "እማማ ይርጋነሽ እርስዎ ነዎት?" ብላ ከባንኮው ወጥታ ሳመቻቸው፣ መቀመጫ ዱካ አቀረበችላቸው። ሳጥኗን ባንኮው ላይ አኖረች፣ አምፖል ሰካችባት። በራች። ፋንታና እናቱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ሽሮ በልተው ሲመለሱም እየበራች ነበር።

"ምንም የላትም" አለች ሲሃም።

"እዚህማ ምን ይሆናታል። ቢቸና ስትደርስ ነው የምትለግመው" አለ ፋንታ።

"ነፋስ ታገኛለች?"

"መስኮት ሥር ናት።"

"መስኮቱ ይከፈታል?"

"እኔ ራሴ ነኝ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው" አሉ እትዬ ይርጋነሽ። ይህም እውነት ነበር።

ሲሃም ጡጦውን አየች፣ ቀዳዳዎቹን በብሩሽ ጠረገች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። "እንግዲህ እኔም አልገባኝም። ጾም እስኪገባ ሞክራት፣ ካልሆነ መልሳት፤ ቅር አይለኝም።"

ፋንታ ሚኒባስ ሊያይ ሲወጣ እትዬ ይርጋነሽ ወደ ባንኮው ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ዘንድ ዓይን የሚባል ነገር አለ?"

"የሰው ዓይን?"

"የሰው ዓይን።"

"አለ እንጂ እማማ። ዓይን ሐቅ ነው ይባላል እኛም ጋ።" ሲሃም ወደ ጀርባዋ አመለከተች። "ይቺን ራሷን ሳላለብሳት ከቤት አላወጣትም። ያውም ደህና አድርጌ ነው የምሸፍናት። በስስ ጨርቅ ምን ይመለሳል?"

እትዬ ይርጋነሽ ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ ዳሰሱ። ስስ ነው። ገለባ የመሰለ ስስ። ጥፋቱ ይኸው ተገኘ።

ቢቸና ሲመለሱ ነጠላውን ተዉና የልብስ ሳጥናቸው ውስጥ የከረመውን ጋቢ አወጡ። ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ፣ ዝናብ የማያስገባ ጋቢ ነው። ምን ያደርጋል፣ በነጠላው ጊዜ ቀስ እያለች ትደክም የነበረችው ሳጥን በጋቢው ቶሎ ቶሎ ትወድቅ ጀመር። እትዬ ይርጋነሽም ይህን ባዩ ጊዜ "አይ የዚህ ሰውዬ ዓይን፣ ጋቢም ይበሳል" አሉ። ለውበቴ ሚስት ሰላምታ ነሷት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ሁለት ጊዜ ስማ ልትታረቃቸው ሞከረች፤ ጉንጭ ሰጧት እንጂ ከንፈር አላንቀሳቀሱም።

ጥር ተጋመሰ፤ የሰርግ ወር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ስጦታው የሚባለው የውበቴ እህት ልጅ የሚያገባ ቀን፣ መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቶ አደረ። ውበቴ አጎት ነውና ሙሽራውን ራሱ ሊያስተካክል ተዘጋጅቶ ነበር። ጠዋት ግን ሙሽራውንና ሚዜዎቹን አስከትሎ በፋንታ ደጅ ቆመ።

"ቤንዚን የለኝም" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ጀሪካኔ ማደያው ጋ ተሰልፏል፣ እኔ እዚህ ነኝ። የእህቴን ልጅ አደራ።"

"ግቡ፣ ግቡ" አለ ፋንታ። ሁሉን አስቀምጦ መጋረጃውን ገልጦ ለእናቱ አንሾካሾከ። "እማዬ፣ ዛሬ ካዋረደችኝ ነገ ሞጣ አደርሳታለሁ። ከዚያም አልመለስም፤ በዚያው ባህር ዳር ነኝ።"

እትዬ ይርጋነሽ በመጋረጃው ስንጥቅ ተመለከቱ። ውበቴ በሩ ላይ ተደግፎ፣ ዓይኑ እንደ ፋኖስ ፈጦ ቆሟል። ሌላ ቀን ማዶ ሆኖ ነው፤ ዛሬ ጭራሽ ቤት ገባ። ጋቢውን ለሁለት አጠፉት። ሳጥኗ ላይ አለበሱት፣ ጫፉን ከሥሯ ወተፉት፣ አማተቡ።

የስጦታው የራሱ ቀኝ ወገን ተስተካክሎ አምሮ፣ ግራው ገና ጎፈሬ ሳለ ቶንዶሷ ሰለለች። ዝም አለች።

ፋንታ ገባ። እትዬ ይርጋነሽ ጋቢውን ገፈፉ። ጥፊ። በስመ አብ። ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ወጣ። ጋቢው ተመለሰ። ፋንታ ከጆሮ በላይ አንድ መስመር እንዳወጣ ቶንዶሷ እንደገና ቀጥ አለች።

አሁን ፋንታ አልገባም። ቶንዶሷን መስታወቱ ሥር ያለችው መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት፤ ማጥፊያዋን እንኳ አልነካም። "በቃ" አለ። "አቅቶኛል። ነገ እሄዳለሁ፤ ይቺም ወደመጣችበት ትሂድ።"

"ስጦታው፣ ግድ የለም" አለ አንደኛ ሚዜው ደምለው። "ሙሽሪትን በቀኝህ ታቆማታለህ።"

"ካሜራውንም በቀኝ" አለ ሌላው።

"አማቶችህንስ?"

"አማቶቹን በየተራ በቀኝ ያሳልፏቸዋል።"

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከመንገዱ ላይ የአጃቢዎቹ እልልታ መሰማት ጀምሯል። ስጦታው እርጥብ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ብርዱም ያንቀጠቅጠዋል።

"እባካችሁ የምከናነበው ነገር ስጡኝ" አለ።

እትዬ ይርጋነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰሙ። "ነገ እሄዳለሁ" የሚለውን ሁለት ጊዜ የሰሙት መሰላቸው። ሳጥኗን አዩአት። ሞታለች። የሞተ ነገር ዓይን አይፈራም። ሙሽራው ግን ሕያው ነው፣ ያውም በሰርጉ ቀን፣ ያውም ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ያውም የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ተከምሮበት። ጋቢውን ከሳጥኗ ላይ መንጭቀው መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

"ሙሽራ ለዓይን አይሰጥም" ብለው ራሱን እስከ ቅንድቡ አከናነቡት።

"ቢቸግር በመቀስ እንጨርሰው" አለ ውበቴ። "አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አምጣ አንዱን።"

ፋንታ ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ መቀስ ይፈልጋል። ውበቴ እጅጌውን ይሰበስባል። ሚዜዎቹ ይሳሳቃሉ። በዚህ መሀል መደርደሪያዋ ላይ የተጋደመችው ቶንዶስ "ዝዝዝ" አለች። ዝም አለች። እንደገና "ዝዝዝዝ" ብላ በረታችና፣ እንደ ጢንዚዛ በሆዷ እየተንፏቀቀች ሄዳ ማበጠሪያውን ገፍታ ጣለችው።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

"ማን ነካት?" አለ ደምለው።

ማንም አልነካትም። ፋንታ ጥፊ አላሳረፈም። እትዬ ይርጋነሽም አላማተቡም፤ በሩጫው ረስተውታል። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ሙሽራው ራስ ሄደ። ጋቢው።

ማንም ሳያያቸው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ሳጥኗ አረንጓዴዋን አብርታ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ደህና ናት። ፋንታ ከወዲያ ሥራውን ጀምሯል። እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ደርበው አጠፉት፣ እንደ ሌባ ዙሪያቸውን ቃኙና ሳጥኗን ጠቀለሏት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሳይጨርሱ ቶንዶሷ ሰለለች።

"ኧረ በእመቤቴ" አለ ፋንታ ከወዲያ።

ነጠላውን አነሱ። ቶንዶሷ በረታች። መዳፋቸውን ወደ ሳጥኗ ቀዳዳዎች አስጠጉ። ለስለስ ያለ ነፋስ መዳፋቸውን ላሰው። ትተነፍሳለች። እሳቸው ደግሞ በገዛ እጃቸው የፈተሉትን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥመው ሲያንቋት ከርመዋል።

ስጦታው ሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ በእልልታ ወጣ። ጋቢውን መልስ ያለው ሰው አልነበረም፤ እንደተከናነበ ሄደ። ፋንታ ግን ወንበሩን አልጠረገም። መቀሱን፣ ማበጠሪያውን፣ መላጫውን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለለ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ውበቴ ወለሉን እየጠረገለት ነበር።

"ሠራች እኮ" አለው።

"ዛሬ ሠራች። ነገስ? ሲያሻት የምትሞት፣ ሲያሻት የምትነሳ ዕቃ ይዤ እንዴት ሰው ፊት እቆማለሁ? ጠዋት እሄዳለሁ።"

እትዬ ይርጋነሽ መጋረጃውን ይዘው ቆሙ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ከነገ ጀምሮ ጋቢውን መተው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ፋንታ የለም።

"ፋንታ፣ ና ወዲህ። እጅህን አምጣ።"

መዳፉን ይዘው ሳጥኗ ጎን ላይ አስጠጉለት።

"ምን ይሰማሃል?"

"ነፋስ።"

"አፍንጫዋ ነው። እኔ አፍኛት ነው።"

"ማን?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በፊት በነጠላ። ኋላ በጋቢ።"

ፋንታ እናቱን አየ፣ ሳጥኗን አየ። "ሞጣ ስንሄድም? ሲሃም 'ነፋስ ታገኛለች' ስትልሽም?"

"መስኮት ይከፈታል ወይ አለችኝ፣ ይከፈታል አልኩ። ትለብሳለች ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።"

"ያን ሁሉ ጥፊ መታኋት እኮ።"

"ይቅር በላት።"

"ጋቢው የታለ?"

"ሙሽራው ለብሶት ሄደ።"

ፋንታ አፉን በእጁ ያዘ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ይርጋነሽ አለቀሰ ብለው ደነገጡ፤ ኋላ ሳቅ መሆኑን ባዩ ጊዜ ራሳቸውም ከንፈራቸውን ነከሱ።

"ለምንድን ነው ግን የምትሸፍኛት?"

"ዓይን እንዳይበላት።"

"የማን ዓይን?"

እትዬ ይርጋነሽ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ውበቴ መጥረጊያውን እንደያዘ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ አገኙት።

"የኔ ነዋ" አለ ውበቴ፣ ቅር ያለውም አይመስልም። "የላሟም ጊዜ ሐሜቱ ደርሶኛል እኮ። እትዬ፣ ላሟ እርጉዝ ነበረች።"

"ከወለደች በኋላስ መች እንደ ወጉ ሰጠች?" አሉ እትዬ ይርጋነሽ፣ ሽንፈቱን በአንድ ቀን ጠቅልለው ሊቀበሉ አልፈቀዱምና። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለሚስትህ ማታ እመጣለሁ በላት። ቡና አብረን እንጠጣለን" አሉት።

ፋንታ ስልኩን አውጥቶ ለሲሃም ደወለ። ከወዲያ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ በሳቁ የተቀሰቀሰች ሕፃን ልቅሶ ተሰማ። "እማማን አቅርብልኝ" አለች። "እማማ፣ እኔ የልጄን ነገር ነበር የነገርኩዎት። እሷንም ቢሆን አፍንጫዋን እተውላታለሁ።"

"ይህን ያኔ ብትይኝ ምን ነበረበት?" አሉ እትዬ ይርጋነሽ።

ቦርሳው ተፈታ። ማበጠሪያውና መቀሱ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ። ፋንታ የባህር ዳሩን ጓደኛውን "ወንበሩን ለሌላ ስጠው" ሲለው እትዬ ይርጋነሽ እየሰሙ ያልሰሙ መስለው እንዝርታቸውን አሾሩ።

በማግሥቱም መብራት የለም፤ የውበቴ ጀሪካንም ገና ተሰልፏል። ጠዋት ላይ ውበቴ ቶንዶሱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሁለት ደንበኞቹን አስከትሎ መንገዱን ተሻገረ። ፋንታ ከሳጥኗ ሌላ ሽቦ ሳበለት፤ ሁለቱ ቶንዶሶች ጎን ለጎን ይዘፍኑ ጀመር። ሳጥኗም ከመጋረጃው ወጥታ ወደ ጥንቱ ቦታዋ፣ መስታወቱ አጠገብ ተመልሳለች። ራቁቷን ናት። እትዬ ይርጋነሽ ግን ጤና አዳሟን በቅርብ አኖሩላት፤ ስትጠጣ ከርማ ወፍራለች፣ መዓዛዋም ለክፉ ዓይን አይመችም ይባላል። ከዚያ ዱካቸውን ይዘው መጡና ልክ በውበቴና በሳጥኗ መካከል ተቀመጡ።

"እትዬ፣ እዚያ ከተቀመጡ ነፋሱን ይከልሉባታል" አለ ውበቴ።

እትዬ ይርጋነሽ ወደ በሩ ዞረው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በጉንጫቸው ለኩ። እውነቱን ነው። ዱካቸውን አንድ ክንድ ፈቀቅ አደረጉ፤ ከነፋሱ እንጂ ከውበቴ ዓይን ፊት አልተነሱም። ጥጣቸውን ማባዘት ጀመሩ። ብናኙ ተነሳ፣ የጤና አዳሙ መዓዛ ታከለበት፣ አስነጠሳቸው።

"ይማርሽ" አለ ፋንታ፣ ዓይኑን ከደንበኛው ራስ ሳይነቅል።

"ይማርዎ" አለ ውበቴ።

"ያኑራችሁ" አሉ እትዬ ይርጋነሽ፤ ወዲያውም ሁለተኛ አስነጠሳቸው።